ማሞቂያው በተጠገነበት ቀን በረንዳ ላይ ስለዋለችው ዘንዶ

ለክቡር የሕንፃችን ሥራ አስኪያጅ
ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ
ማርች 12 ቀን 1994

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ይህን ከባድ ዊንተር ያለ ሳልና ያለ ቁርጥማት፣ በሞቀ ቤት እንዳሳለፉትም አልጠራጠርም። እኔ ዘጠነኛ ፎቅ የምኖረው ተከራይዎ ኤልፍነሽ ነኝ። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ የአንሶላና የጋውን ማጠቢያ ክፍል ነው። ባለቤቴ ክፍሌ ይባላል። በዚህ ዊንተር አራት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጽፌልዎ ለአንዱም መልስ ስላላገኘሁ፣ ምናልባት እንግሊዝኛዬ አስቸግሮዎት ይሆናል ብዬ አምስተኛውን በራሴ ቋንቋ፣ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ አውጥቼዋለሁ። እርስዎ ባያነቡት ከቀደሙት የተለየ ዕጣ አይገጥመውም፤ ጎረቤቶቼ ግን ያነቡታል።

ጉዳዩ የአንዲት ትንሽ ዘንዶ ጉዳይ ነው። ቢሮዎ በደብዳቤው «እንስሳው» ብሎ ስለጠራትና ሌላ ነገር ስለማያውቅ፣ ማን እንደነበረች ላስተዋውቅዎ ይፈቀድልኝ።

ክፍሌ አገር ቤት ሳለ ሃያ ዓመት ሙሉ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፤ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከብት ሲከትብና በግ ሲያዋልድ የኖረ ሰው ነው። እዚህ ስንመጣ ብረት ፋብሪካ ገባ። ባለፈው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ወገቡን ተጎዳና ቤት ዋለ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር መስኮቱ ጥግ ተቀምጦ ከታች የሚያልፉትን መኪኖች ሲያይ ከረመ። ስጠይቀው ይመልስልኛል፤ ካልጠየቅሁት ግን ቀኑን ሙሉ ቃል አይወጣውም ነበር።

ኦክቶበር ላይ፣ ሰባተኛ ፎቅ ይኖር የነበረ ጡረታ የወጣ የጋያና ሰው፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዟት መሄድ ያልቻለውን ዘንዶ ለክፍሌ ሰጠው። ቦአ የሚባለው ዓይነት ናት፤ መርዝ የላትም። ዕድሜዋ ገና ሰባት ወር፣ ርዝመቷ ከክንዴ እምብዛም የማያልፍ፣ ውፍረቷ ከአውራ ጣቴ ትንሽ የሚበልጥ ነበረች። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ወንበር ላይ ወጥቼ «ወይ እሷ ወይ እኔ» አልኩት። ክፍሌ ሳቀ። ከስምንት ወር በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ስለነበረ እሷም እኔም ቀረን።

የንስሐ አባቴን ግን ሳላማክር አላደርኩም።

«መርዝ አላት?» አሉኝ።

«የላትም፣ አባቴ።»

«ባልሽስ እንዴት ነው?»

«ማውራት ጀምሯል።»

«እንግዲያው ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ» ብለው ባርከው አሰናበቱኝ።

ክዳኑን አጥብቀን ዘጋን። ክፍሌ ቤተ መጻሕፍት እየሄደ መጽሐፍ አመጣ፤ በሁለት እጁ የሚታቀፍ የመስታወት ሣጥን ገዝቶ ቁልፍ አበጀለት። በአንደኛው ጫፍ ሠላሳ ሁለት፣ በሌላኛው ሃያ ስድስት ዲግሪ እንዲሆን ከላይ መብራት፣ ከሥር የሚሞቅ ምንጣፍ አደረገ፤ በየጫፉም ቴርሞሜትር ሰቀለ። የጫማ ካርቶን ቀዶ መደበቂያ ሠራላት፤ ውሃዋን በየቀኑ ይቀይራል። ምግቧ በአሥር ቀን አንዲት አይጥ ናት፤ በረዶ ሆና ትገዛለች፣ ለብ ባለ ውሃ በረዶዋ ይለቃል፣ ከዚያም በረጅም መቆንጠጫ ትቀርብላታለች። አይጧ ከራሷ ከዘንዶዋ ወገብ መወፈር የለባትም፤ ከበላች በኋላም ሁለት ቀን አትነካም። ክፍሌ ይህን ሁሉ ለእኔ ያስረዳኝ ነበር። ስሟን እሜቴ አላት፤ ሳትቸኩል የምትሄድ ትልቅ ሴት ትመስላለች ብሎ ነው። አይጦቹን በአይስክሬም ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጥ ስለነበር፣ አንድ እሑድ እንግዳዬ ወይዘሮ ጠጂቱ ለልጅ ልጃቸው አይስክሬም ሊያወጡ ከፍተውት እስከ ዛሬ ቤቴ ውሃ አይጠጡም። ይህን ቅሬታ ግን በእርስዎ ላይ አላስመዘግብም። በእርስዎ ላይ ያሉኝ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ዲሴምበር 27 በእኛ በኩል ያለው የሕንፃው ማሞቂያ ቆመ። በዚያው ዕለት ደወልኩ፤ ጸሐፊዎ በጥሩ ድምፅ «ፋይል አድርገነዋል» አለችኝ። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ፋይል ተደረገ። ፋይሌ ብርድ በማይደርስበት ክፍል በክብር ስለተቀመጠልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ደውዬ፣ ሁለት ደብዳቤም ጽፌ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ፣ ሁላችንም ሱፐሩ የምንለው ሰው፣ በራችንን አንኳኳ። ወደ ማሞቂያው ሲሄድ ሣጥኑን አየና ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘንዶ ናት፤ ገና ልጅ ናት» አለው ክፍሌ።

«ትነክሳለች?»

«እስካሁን እኔን አልነከሰችም።»

ሱፐሩ ማሞቂያውን ሳይነካ ወጣ። በማግስቱ፣ የገና ዕለት፣ ከበራችን ሥር የቢሮዎ ደብዳቤ ገብቶ አገኘን፤ እንስሳው እስከ ጃንዩዋሪ 22 ከቤቱ እንዲወጣ የሚያዝ ነው። ስለ ሰው መብረድ አሥራ አንድ ቀን ያልበቃው ቢሮ ስለ ዘንዶ መኖር በአንድ ቀን መልስ ለመስጠት መቻሉ ትጋቱን ያሳያልና አድናቆቴን እገልጻለሁ። ትእዛዙንም ተቀብለናል። ክፍሌ ስልክ ሲደውል ሰንብቶ ስካርቦሮ ውስጥ እንደ እሷ ያሉትን የሚያሳድግ አንድ ሰው አገኘ። ሰውየው ቅዳሜ ጃንዩዋሪ 22 በመኪናው መጥቶ ሊወስዳት፣ ክፍሌም በወር አንድ ጊዜ እየሄደ ሊያያት ተስማሙ። ይህንንም በሦስተኛው ደብዳቤዬ አሳውቄዎ ነበር።

ሦስተኛ፣ በዚያው ሰሞን፣ ተከራዮች የኤሌክትሪክ ሂተር እንዳይሰኩ የሚከለክል ማስታወቂያ ሊፍቱ ውስጥ ለጠፋችሁ። የሕንፃው ኤሌክትሪክ አይችልም ተባለ። እውነትም አልቻለም፤ ጎረቤቶቻችን ሕፃናት ስላሏቸው ተደብቀው ይሰኩ ነበርና መብራቱ በየሰዓቱ ይጠፋል፤ ሲጠፋም የእሜቴ መብራትና ምንጣፍ አብሮ ይጠፋል። ሕግ ለተከራይ ቤት ያዘዘው ሃያ አንድ ዲግሪ ነው። የክፍሌ ቴርሞሜትሮች ከሣጥኑ ውጭ አሥራ ሁለት፣ ከሣጥኑ ውስጥ አሥራ ስምንት ያሳዩ ነበር። እሜቴ መብላት ተወች። ስትተነፍስ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ታሰማ ጀመር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ክፍሌ ካፖርቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ አልጋ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሣጥኑ ባዶ ነው። ደንግጬ «የት ሄደች?» ስለው የሹራቡን አንገት ሳብ አድርጎ አሳየኝ። ደረቱ ላይ ተጠቅልላ ነበር።

«እሷ የራሷ ሙቀት የላትም» አለኝ። «ከእኔ ነው የምትወስደው። እዚያ እኛ ጋ ግልገል በውርጭ ሲወለድ ሰዉ ጋቢው ውስጥ አድርጎ ነበር የሚያድረው።»

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል በየሰዓቱ ትኩስ ሾርባ እየሠራሁ ለክፍሌ ሰጠሁት። ለማን እንደምሠራ ሁለታችንም እናውቃለን። በሽተኛ ወገቡን በካፖርት አስሮ እንደዚያ መቀመጡ ለእሱም ደግ አልነበረም፤ ግን በእነዚያ ቀናት ያወራኝን ያህል በተጋባንበት ዓመትም አላወራኝም። ይህን የትዳር ጊዜ ስላበረከቱልን ባለውለታችን ነዎት።

አራተኛው ቅሬታ ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

ሐሙስ ጃንዩዋሪ 20 ክፍሌ ከሦስት ወር በፊት የተያዘለት የወገብ ሐኪም ቀጠሮ ነበረው። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ዲግሪ ነው። በዚያ ብርድ አውቶቡስ እየጠበቀ ደረቱ ውስጥ ይዟት ሊሄድ አልደፈረም፤ እኔም ከቀትር በኋላ ሥራ እገባለሁ። ስለዚህ በጎማ ከረጢት ሙቅ ውሃ ሞልቼ በፎጣ ጠቀለልኩት፤ ሣጥኑንም በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ክፍሌ ጫማውን ለማሠር አጎንብሶ ወገቡ ያዘውና «እስቲ አንቺ አስገቢያት» አለኝ። እስከዚያ ቀን ነክቻት አላውቅም። የምታሙለጨልጭ ይመስለኝ ነበር፤ ደረቅና ለስላሳ ናት። ጣቴን ዞራ ያዘችኝ፤ ቀስ ብዬ አላቅቄ ከረጢቱ ላይ አስቀመጥኳት። ክፍሌ ቀና ብሎ «አየሽ?» አለኝ። «አየሁ» አልኩት። ተያይዘን ወጣን።

እኛ በሌለንበት፣ ማሞቂያው ከቆመ ከሃያ አራት ቀን በኋላ፣ ሠራተኞችዎ ማሞቂያውን ሊጠግኑ መጡ። እንደሚመጡ አልነገሩንም፤ በራሳችሁ ቁልፍ ከፍተው ገቡ። በኋላ እንደተረዳሁት ዘንዶ ባለበት ክፍል አንሠራም ብለው ቢሮ ደወሉ፤ ከቢሮም «ውጭ አውጡት» ተባሉ። ሣጥኑን አንሥተው በረንዳ ላይ አስቀመጡት፤ ብርድ ልብሱ ወለሉ ላይ ቀረ። ሥራቸውን ጨርሰው፣ ወለሉን ጠርገው፣ የበረንዳውን በር ዘግተው ሄዱ። «ጥገናው ተጠናቋል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል ወረቀትም ጠረጴዛው ላይ ትተውልናል።

ክፍሌ አሥር ሰዓት ላይ ገባ። ቤቱ ሞቋል። ሥራ ቦታዬ ደወለልኝ፤ የክፍላችን አለቃ ስልኩን አቀበለችኝ።

«ኤልፍ፣ ቤቱ ሞቋል» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ሌላ ነገር ሳይጨምር ዘጋው። ሌላውን ያየሁት ስመለስ ነው። የጎማው ከረጢት በረዶ ሆኗል፤ እሜቴ እንደተጠመጠመችበት ደርቃ ነበር። ክፍሌ እሷንና ከረጢቱን ሳይለያይ ከሹራቡ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ማሞቂያው ሃያ ሁለት ዲግሪ ይሰጣል። ጥራቱ የሚመሰገን ሥራ ነው።

አምስተኛ፣ በማግስቱ ክፍሌ ሣጥኑን ይዞ ቢሮዎ መጣ። ተራውን ጠብቆ ጸሐፊዋን «በረንዳ ላይ ያስቀመጣት ማን ነው?» አላት። «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችው። ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከኋላዋ ያለው በር ገርበብ ብሎ እርስዎ ሳንድዊች ሲበሉ ይታዩት እንደነበር ነግሮኛል፤ ምግብዎን ስላቋረጥንዎ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማታውን የመጣው ሱፐሩ ብቻ ነው። ኮፍያውን አውልቆ በራችን ላይ ቆሞ፣ «ለአምስት ደቂቃ ነበር ያሰብነው፤ ረሳናት፤ አዝናለሁ» አለን። ክፍሌ እጁን ዘረጋለትና ጨበጠው። በሳምንቱ ደግሞ የእርስዎ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ደረሰን፤ እንዲህ ይላል፦ «ከእንስሳው ጋር የተያያዘው ጉዳይ ከተሰጠው ቀን በፊት በመፈታቱ ደስታችንን እየገለጽን ፋይሉን ዘግተናል።» በአምስት ዓመት ተከራይነቴ ከእርስዎ እጅ የደረሰኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለሆነ አስቀምጬዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልንገርዎና ላብቃ። የስካርቦሮው ሰው ቅዳሜ ሲመጣ ባዶውን ሣጥን ሰጠነው። ክፍሌ ወደ መስኮቱ ተመልሷል። ስጠይቀው እንኳ አሁን ሁልጊዜ አይመልስልኝም። ከሥራ ስገባ ቤቱ በርዶ አገኘዋለሁ፤ ማሞቂያውን እየዘጋ ካፖርቱን ለብሶ ይቀመጣል። እኔ እከፍታለሁ፤ ወደ ኩሽና ስሄድ ተነሥቶ ይዘጋዋል። ሐኪሙ ብርዱ ወገቡን እንደሚጎዳው ነገረው፤ አዎ ብሎ ሰማው። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በስልክ «ውጭ አውጡት» ያለው ማን እንደሆነ ስሙን በአንድ መስመር ጽፈው ይላኩልኝ። ክፍሌ የጠየቀው እሱን ነው፤ ቢነግሩት ምናልባት ሌላ ነገር ያወራኝ ይሆናል።

ቁልፍዎ ከእያንዳንዱ ተከራይ በር እንዲገጥም፣ ስብሰባዎ እንዳይቋረጥ፣ በሄዱበት ሁሉ የሞቀ ክፍል እንዳይለይዎ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ፋይሏ የተዘጋ ተከራይዎ፣
ኤልፍነሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ጥገናው አስተያየታችንን የሚጠይቀው ፎርም ትናንት ደርሶናል። «በጥገናው ወቅት የተጎዳ ንብረት ካለ ይጥቀሱ» የሚለው ጋ ስደርስ ምን ልጻፍ ብዬ ክፍሌን ጠየቅሁት። ሦስት ቀን ቃል ሳይወጣው ቆይቶ ያን ጊዜ ተናገረ፤ «የለም በይ፤ ንብረት አልነበረችም» አለኝ። እንዳለው ጽፌ ልኬልዎታለሁ።