በሞላ ማመልከቻ ላይ ስለ ሰፈረው አራተኛ መስመር

ይድረስ፤ ከባሕር ማዶ ድረስ ደክመው መጥተው በደብረ ታቦር የመንገድ ሠራተኛ ለሚመዘግቡት ክቡር ሹም።

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የደጋው ብርድ ጉልበትዎን አልያዘዎትም? ወንዛዬ ወርደው በፍል ውኃው እንደታጠቡ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እንቅልፍዎም ደኅና እንደሆነ ይነግሩኛል፤ በእሱስ ከልቤ እደነቃለሁ። ስምዎን ያልጻፍኩት ንቄዎት አይደለም። የሰው ስም ወረቀት ላይ ማስፈር ምን እንደሚያመጣ ከቢሮዎ ስለተማርኩ ነው።

እኔ ቅዳሜ ገበያ ከወይራው ሥር ተቀምጬ መጻፍ ለማይችል ሰው ማመልከቻ የምጽፍ ይርጋ ነኝ። የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ለቢሮዎ ልኬ፣ ሌላውን ገበያተኛው እንዲያየው ከወይራው ግንድ ላይ ለጥፌያለሁ። ማንበብ ለማይችለውም ቆሜ አነብለታለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ለሰጡኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የጻፍኳቸው አጫጭር ነበሩ፤ እከሌ ይባላል፣ ጤናማ ነው፣ መሥራት ይፈልጋል፣ በቃ። አስተርጓሚዎ አቶ ጌጡ ወረቀቶቹን መልሰው አመጡልኝና፣ ሹሙ እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር አያነቡም፣ ሰውየው የማን ወገን እንደሆነ፣ ወገኑም ምን ሙያ እንዳለው ተዘርዝሮ ይጻፍ አሉኝ። ይህማ የአገራችን ልማድ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አይመሰገንም፤ በአባቱና በአጎቱ ነው የሚመሰገነው። አጎቱ ፈሪ ቢሆን እንኳ ለእህቱ ልጅ ሲባል በሽማግሌ አፍ ጀግና ይሆናል። ሚስት ስትታጭም፣ እርቅ ሲወርድም እንዲሁ ነው፤ ሰሚው ፈገግ ይላል እንጂ ቃል በቃል የሚያምን የለም። እርስዎ የሚያምኑ ሰው መሆንዎን ማን ይንገረኝ!

ሁለተኛ፤ የወይዘሮ የሺን ልጅ ሞላን ስለ መቀበልዎ። ሞላ የሃያ ሁለት ዓመት ገበሬ ነው። ባለፈው ሰኔ አንዱ በሬው ሞቶበት መሬቱ ጦም ሊያድር ሲሆን፣ መንገድ ሥራ ልግባ ብሎ ወደ እኔ መጣ። አሳምሬ ጻፍኩለት። በአራተኛው መስመር ላይ፣ አጎቱ ሙላቴ ተኩሶ የማይስት፣ ከእብናት በላይ ያለውን ዱር ሁሉ እንደ ጓሮው የሚያውቅ ጀግና ነው አልኩ። ሙላቴ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። ንብ የሚያረባ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። ያጣፈጥኩት እኔ ነኝ። መስመሩን ስጨርስ እንዲያውም ራሴን አድንቄ ነበር፤ ያኔ እጄን በቆረጠው!

ሰኞ ስም ሲጠራ ለሌሎቹ አካፋ ተሰጣቸው፤ ሞላ ግን መኪና ላይ ውጣ ተባለ። ያየው ሁሉ ቀናበት። በደብዳቤው ማማር ለትልቅ ሥራ ታጨ ተባለ፤ እኔም እውነት መስሎኝ ኮራሁ። በማግስቱና በሠልስቱ አሥራ አራት ሰዎች እንደ ሞላ ያለውን ጻፍልን ብለው መጡ፤ ለአሥራ አራቱም ጀግና ጀግና አጎት እያወጣሁ ጻፍኩ። ሐሙስ ዕለት ወታደሮችዎ የሙላቴን ቤት አቃጠሉ። እሱ ለጣራ ገዳም መነኮሳት ሰም ሊያደርስ ሄዶ ነበርና አላገኙትም። አቶ ጌጡ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ጠመንጃው የታለ እያሉ ለጎረቤቱ ያነቡት የነበረው ወረቀት የእኔ እጅ ጽሑፍ ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ገብቶኝም አምስት ወር ዝም አልኩ።

ሦስተኛ፤ ወይዘሮ የሺ ወደ ቢሮዎ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሰው፣ ልጅዎ አለ ወይም ሞቷል የሚላቸው አላገኙም። መርዶ ላለመንገር መጠንቀቅዎ ይሆናል፤ ስለ ርኅራኄዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን እኝህ እናት አልቅሰው አይወጣላቸው፣ ተዝካር አያወጡለት። ላለ ልጅ ተዝካር ማውጣት መግደል ነው ብለው ይፈራሉ። በየቅዳሜው ከፊቴ ይቀመጡና በእጄ የቀረችውን የማመልከቻውን ቅጂ አንብብልኝ ይሉኛል። አነባለሁ። ሞላ ጤናማ ነው፤ ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ ከተጠራበት ቀን ጀምሮ ለመሥራት ፈቃደኛ ነው። አራተኛውን መስመር እዘለዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና፣ እስቲ እንደገና ይሉኛል። ልጃቸው ጤናማ ነው የሚላቸው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ከዚያ ወዲህ እጄ አይታዘዘኝም። በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው እየተንጫጫ፣ ፊቴ የተቀመጠውን ሰው ስምህ ማን ነው ብዬ ስጠይቀው ሞላ ያለኝ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ነጋዴው ኑሩ ለወንድሙ ደብዳቤ አጽፎኝ፣ ከታች ላኪው ሞላ ተብሎ አገኘው። ኑሩ ደግ ሰው ነው፤ የድካሜን ከፍሎ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። የቀለሙን ጠርሙስ ስከፍት ሰው ከጎኔ ሲቀመጥ ይሰማኛል፤ ዞር ስል ማንም የለም። እፈራለሁ፣ አልደብቅዎትም። የምፈራው የዘለልከውን መስመር አንብብልኝ እንዳይለኝ ነው።

ክረምቱ አልፎ ሥራው ስለተጀመረ፣ አሥራ አራቱ ሰዎች የፊታችን ሰኞ ይጠራሉ ሲባል ሰማሁ። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የማመለክተው እንደሚከተለው ነው። አራተኛው መስመር ውሸት ነውና ይሰረዝልኝ። የአሥራ አራቱም ጀግና አጎቶች የእኔ ፈጠራ ናቸውና ሰዎቹን ይተዉልኝ። ሞላ ካለ ይፍቱት፤ ከሌለም የተቀበረበትን ለእናቱ ይንገሩ። ሰው የሚጎድልብዎ ከሆነ በሞላ ቦታ እኔን ይቀበሉኝ። ጤናማ ነኝ፤ ከተጠራሁበት ቀን ጀምሮ ፈቃደኛ ነኝ፤ እጅ ጽሑፌንም ያውቁታል። አጎት የለኝም።

እናቴ ወይዘሮ የሺ፣ ይህን ቆሜ ሳነብ አንቱም ከፊቴ እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። ዛሬ ሳልዘል ያነበብኩት ለአንቱ ነው። ልጅዎን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።

የትምህርትዎ ውለታ እስከ ዕለተ ሞቱ የማይለቀው፣ ሲፈልጉት ከወይራው ሥር የማያጡት፣ የአባቱን ስም ሆን ብሎ ያልጻፈ ትሑት አመልካችዎ፣

ይርጋ
ደብረ ታቦር፣ ቅዳሜ ኅዳር ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ወሬ ስለደረሰኝ፣ አራተኛው መስመር ይሰረዝልኝ ያልኩትን ትቼዋለሁ። ሙላቴ ቤቱ ከተቃጠለ ወዲህ ጠመንጃ አግኝቷል፤ ተኩሶም አይስትም ይባላል። የት እንዳለ አልጽፍም፤ ይህንንም ከቢሮዎ ተምሬያለሁ። መስመሩ እንዳለ ይቆይልኝ። አሥራ አራቱንም ሰዎች ሰኞ ጠዋት ደጅ ቆመው አይጠብቋቸው፤ ብርድ ይመታዎታል። ሁሉም እሱ ዘንድ ሥራ ገብተዋል። ማመልከቻም አልጠየቃቸውም።