ለቅሶ በመድረስ ስለተገኘ የደረጃ ዕድገት

ለክቡር አቶ አፈወርቅ፣
የሆስፒታላችን የቅጥርና የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ምራትዎስ፣ አዲሱ የልጅ ልጅዎስ እንዴት ናቸው? እኛ ከጓሳ ተራራ ብርድና ከጉንፋኑ በቀር ደህና ነን፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ደህና እንደሆንን መቆየት ስለምንፈልግ ነው።

ኮሚቴዎ ዶክተር ትዕዛዙን ሜዲካል ዳይሬክተር አድርጎ ዶክተር እፀገነትን ከጣለ ወዲህ ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። አያቴ አባባ ተገኘ የሕዝብ ተወካይ ሆነው ከኮሚቴው ስለሚቀመጡ፣ እኔም እራታቸውን ሳቀርብ ብዙ ስለምሰማ፣ ምስጋናዬን በዝርዝር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ “ከማኅበረሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት” በሚለው መመዘኛ ከፍተኛውን ነጥብ ለቅሶ ለሚደርስ ሐኪም በመስጠታችሁ ደስ ብሎኛል። ለምን እንዲህ እንደሆነ አያቴን ብጠይቃቸው፣ “ልጄ፣ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ምኑን ሰው ይመራል?” አሉኝ። እውነት ነው፤ ዶክተር ትዕዛዙ ጋቢያቸውን ደርበው ከድንኳን ቀርተው አያውቁም። አንዳንዱን ሟችማ ከቤተሰቡም በኋላ፣ በሕይወት ሳለ በመጨረሻ ያዩት እርሳቸው ናቸው። ዶክተር እፀገነት ግን እዚህ በሠሩባቸው ዓመታት ሁሉ ድንኳን ውስጥ የታዩት አልፎ አልፎ ነው። ድንኳን እንዳይተከል ሲታገሉ ውለው ድንኳን የሚደርሱበት ጊዜ ማጣታቸው በእርግጥም ከባድ የምግባር ጉድለት ነው።

ሁለተኛ፣ የቃለ መጠይቁን ቀን አያያዝ አደንቃለሁ። ጓሳ ላይ ሣር የሚታጨድበት ቀን ሲቆረጥ ለሁሉም ይነገራል፤ ቀኑ ሳይደርስ ማጭድ ያነሳም ይቀጣል። ይህ የአባቶቻችን ደንብ ለሣር እንጂ ለሐኪም እንደማይሆን ኮሚቴዎ በጥበቡ ተረድቷል። ስለዚህ ለዶክተር ትዕዛዙ ከሳምንት በፊት፣ ለዶክተር እፀገነት ደግሞ በዕለቱ ጠዋት፣ የቀዶ ጥገና ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገቡ ተነገራቸው። ሥራዬን ጨርሼ ልምጣ ቢሉ ኮሚቴ ሰው አይጠብቅም ተባሉ። ምሳን ግን ይጠብቃል፤ አያቴ ጥብሱን እስካሁን ያመሰግኑታል።

ሦስተኛው ምስጋና ሳይሆን ጥያቄ ነው። ዶክተር እፀገነት “አልቀረቡም” ተብለው ዜሮ በተሰጣቸው በዚያች ሰዓት፣ በቀዶ ጥገና ያዋልዱ የነበሩት የእርስዎን ምራት መሆኑን ረስተውት ነው? ስልክ ሲደወልልዎ ስብሰባውን አቋርጠው ወንድ ነው ብለው እንዳበሠሩ፣ ሁሉም ተነሥቶ እንኳን ደስ ያለዎ እንዳለዎት፣ ከዚያም ቁጭ ብለው ያንን ዜሮ እንደፈረሙበት አያቴ ነግረውኛል። አያቴ ራሳቸውም ለዚያ ዜሮ እጃቸውን አውጥተዋል፤ ለምን እንዳወጡ ግን እስካሁን እያሰቡ ነው።

ይህን ስጽፍ ደጋግሜ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ ስርዝ ድልዙን ይቅር ይበሉኝ። እህቴ ኮከቤ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። የመጀመሪያ ልጇንም የወለደችው በዶክተር እፀገነት እጅ፣ በቀዶ ጥገና ነው። እርሳቸው ደግሞ መልቀቂያ አስገብተው ዕቃቸውን እያሰሩ ነው። በቀዶ ጥገና የሚያዋልድ ሌላ ሐኪም የለንም፤ አዲሱ ዳይሬክተርም ከእንግዲህ እንዲህ ያለው ሁሉ ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል ብለዋል። መንገዱን ያውቁታል፤ ለጤነኛ ሰው እንኳ ወገብ ይፈታል።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀኑ ለሁሉም እኩል ተነግሮ፣ የሠሩትም ሥራ ተቆጥሮ፣ ቃለ መጠይቁ እንደገና ይደረግ። ዶክተር ትዕዛዙ ያኔም ቢያሸንፉ የመጀመሪያዋ አጨብጫቢ እኔ ነኝ።

ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣
ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ጆሮዋን መድፈን ያልተማረች፣
ጽናት ወንድምአገኝ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዶክተር እፀገነት ሄደው ኮከቤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን፣ ከለቅሶው ዶክተር ትዕዛዙ እንደማይቀሩ አውቃለሁ። እርስዎም ይምጡ፤ እኛ ቀኑን ለሁላችሁም እኩል እንነግራለን።