የአያ እንድሪስ ከንፈር

ዓርብ፣ ኅዳር 7/88፣ ከዐስር ሶላት በኋላ

ማዳምን እህቷ ቤት ጥዬ በቀጥታ ከኾበር ወደ ደማም። ዘግይቻለሁ። አል ሙሐመዲያ፣ ፊደል የምናስተምርበት ቤት፣ ስደርስ ሰባቱም ተማሪዎች ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ማንን? እኔን፣ ሙሄን። አምና የገዛ ስሙን ተጽፎ ቢያገኘው ሰላም ሳይለው ያልፍ የነበረውን ሾፌር።

ደብተሬ፣ በአስተማሪነት ሁለተኛ ቀኔ ነው። ቲቸር ጌታቸው (ከዛሬ ጀምሮ ቲ/ጌ፤ በዚህች ዘንበል ባለች መስመር ማሳጠር የተማረ ሰው ምልክት ነው) የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ። አሁን የዓርብ ፈረቃ ሰጡት። አዲሶቹን አንተ ያዝልኝ አለኝ። ለምን እኔን እንደመረጠ አልጠየቅኩም፤ የታወቀ ነው።

ዛሬ ሌክቸር ሰጠሁ። ቃሉ የቲ/ጌ ነው። ኮሌጅ ሳለ መምህሩ ቆሞ ያወራል፣ ተማሪው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ይኸ ሌክቸር ይባላል ብሎኝ ነበር። እኛን ግን እንዲያ አላስተማረንም። በየተራ እያስነሳ፣ ጠመኔ እያስጨበጠ፣ ሰሌዳ ላይ እያጻፈ አሰቃየን። ሌክቸር ይሻላል። ጠመኔ አይባክን፣ ትልቅ ሰው አያፍር።

ቆምኩ። አወራሁ። ከሀ እስከ ፐ በዜማ አስባልኳቸው። ስለ ፊደል ጥቅም ተናገርኩ። መሃል ላይ የካፊሌን፣ የአሠሪዬን፣ ግመል ነገር ጣል አደረግኩ፣ ሳቁ። ገባችሁ? ስል ገባን፣ ባንድ አፍ። ሰባት ሰው እንደ አንድ ሰው። ወላሂ ለዚህ ነው የተፈጠርኩት።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። አያ እንድሪስ። ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርደው ሽማግሌ። እያወራሁ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለውም። ምንድን ነው የሚለው?

እሑድ፣ ኅዳር 9፣ ቀትር

የካፊሌን ልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ እየጠበቅኩ። መሪው ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍሽ።

ከንፈሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ዚክር ነው እንዳልል እጁ ላይ የሚቆጥርበት ሙስበሃ የለም። ይረግመኛል እንዳልል ምን አደረግኩት? ወይስ አነጋገሬን እየቀዳ ነው? አጠገቡ የሚቀመጠው ከድር ነው፣ የልብስ እጥበት ቤቱ ልጅ። እሱም ቀልደኛ ነኝ ይላል። ለደማም አንድ ቀልደኛ ይበቃታል፤ ቦታው ተይዟል። ከድር የአያ እንድሪስን (ከእንግዲህ አ/እ) ከንፈር ያይና አንገቱን ይደፋል። በደንብ አይቻለሁ።

ልጆቹ መጡ። ትንሹ በዐረብኛ ምን ትጽፋለህ አለኝ። ስለ አንተ አልኩት። እስከ ቤት ዝም አለ። ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው።

ዓርብ፣ ኅዳር 14፣ ምሽት

ሌክቸር። ከባለፈው የበለጠ። ድምፄ ራሱ ተገርሟል።

ዛሬ ግን አደንኩት። በወሬ መሃል ድንገት ጸጥ አልኩ። ሁሉም ቀና አሉ። የአ/እ ከንፈር ግን መንገዱን አላቋረጠም። ምን ትላለህ አያ? አልኩት። ምንም፣ አልሐምዱ ሊላህ ገብቶኛል አለ። እስቲ ሀ ሁ በል አልኩት። ብድግ ብሎ ከላይ እስከ ታች እንደ ውኃ አወረደው። አንድ አልሳተም። እንግዲህ ደደብ አይደለም። ደደብ ካልሆነ የሚደብቀው አለ።

ጉዳዩ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የአ/እ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ተመትቷል። በወሩ መጨረሻ ጠቅልሎ አገሩ ይገባል። እዚያ ልጁ ፋጡማ ሦስተኛ ክፍል ናት። ተምሬያለሁ፣ ስመጣ ደብተርሽን አብረን እናነባለን ብሎ በካሴት ቀድቶ ልኮላታል። ካሴት እንደሆነ አይመለስም። ቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሰምቶታል። አደራህን ሙሄ ይለኛል፣ ጫማዬን ሳደርግ ሳይቀር። ማፊ ሙሽኪላ፣ አውሮፕላኑ ላይ ስትወጣ ክንፉ ላይ ያለውን ሁሉ ታነባለህ አልኩት።

ስወጣ ከድር ደጁ ላይ አንድ ነገር አላቸው፣ ሳቁ። ሲያዩኝ ጸጥ። እንግዲህ ስለ አየሩ ነበር ይበሉኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18፣ ጠዋት

ከባቃላው፣ ከሰፈሩ ሱቅ፣ ቲ/ጌ ጋ ደወልኩ። ሌክቸሬን ነገርኩት፣ አሳምሬ። ሰሌዳው ላይ እነማን ጻፉ አለኝ። ማንም አልኩት። ዓይኔን እያዩ ገባን ይላሉ እኮ አልኩት። አንተ ትንሽ ተናገር፣ እነሱ ብዙ ይጻፉ አለ። ቀጥሎ አ/እ እንዴት ነው አለኝ።

እዚህ ጋ ቆምኩ። ከሰባት ሰው መርጦ ለምን አ/እን? ማን ነገረው? የሆስፒታሉን አንሶላ የሚያጥበው ቤት የማነው? የነከድር። ኸላስ፣ ገባኝ። ወሬው ከአንሶላ ጋር ነው የሚመላለሰው። ቲ/ጌም ቀንቷል። ተማሪ መምህሩን ሲበልጥ ያለ ነው፣ አልፈርድበትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20፣ ማታ

በችኮላ ነው የምጽፍሽ፣ ጽሑፌን አትይው።

ከሰዓት አ/እን ደማም ካርጎ ቤት ወሰድኩት። ብርድ ልብስ፣ ፔርሙዝ፣ ለፋጡማ ቦርሳ። ካርቶኑን በገመድ ጠፈርነው። የኛ ሰው ካርቶን ታውቂያለሽ፣ ስም በአራቱም ጎን በትልቁ ካልተጻፈበት ባለቤቱ እንቅልፍ አይወስደውም። ማርከሩን ሰጠሁት። ያንተ ካርቶን ነው፣ ጻፍ አልኩት። አንተ ጻፍልኝ፣ እጅህ ያምራል አለ። ምስጋናው ገባኝና ልቀበል ስል ጥርጣሬዬ ተነሣ። አጠገባችን የሌላ ሰው ካርቶን አለ። ደሴ ይላል። ይኸን አንብብልኝ አልኩት።

ከንፈሩ ተነሣ።

ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ወላሂ፣ ርግማን አይደለም። ሀ ሁ ሂ ሃ ነው። ከሀ ተነሥቶ፣ ለን አልፎ፣ ሐን አልፎ፣ በዜማው እየወረደ፣ ጣቱን ደ ላይ አድርጎ፣ ገበታው የት እንደሚያገኛት ይጠብቃል። ጠበቅኩ። የካርጎው ሰውዬ ሻይ አዝዞ ጠጣ። ደ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ። ለ«ሴ» ደግሞ እንደገና ከሀ ተነሣ። ደሴ በአይሱዙ ይቀርባል።

ልስቅ ነበር። አልሳቅኩም። ልጅ ሆኜ ቁርዓን ቤት እንዲሁ ነበርኩ፤ ሼሁ ከሱራው መሃል ካስነሱኝ ከመጀመሪያው ካልመጣሁ አይሆንልኝም ነበር። እኔ የሰጠኋቸው ዜማ ነው። ሰባቱም ዜማውን ይዘውታል። ፊደሏን ለብቻዋ መንገድ ላይ ቢያገኟት አያውቋትም።

ለምን አልነገራችሁኝም አልኩት። ካርቶኑን እያየ መለሰ።

«ሰው ከሥራ ደክሞ መጥቶ፣ ቆሞ እየለፋልህ፣ አልገባኝም ይባላል እንዴ ሙሄ? ነውር አይደለም? ደግሞ ስትናገር ደስ ይልሃል።»

«ከድርስ ምን እያለ ነው የሚያስቃችሁ?»

«ሌክቸር ማለት በዐረብኛ ዝም በል ማለት ነው ይላል።»

መጥፎ አይደለም። የኔ ቀልድ በሆነ።

ስሙን እኔ ጻፍኩለት፣ በአራቱም ጎን። ሌላው ግራ ገባኝ። የሚቀረን አንድ ሳምንት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 21፣ ጠዋት

ሳልተኛ ነጋ። የማዳምን የጫማ ካርቶኖች ቆራረጥኩ። በየቁራጩ አንድ ፊደል፣ ያለ ተራቸው። ዜማ የለም። ሌክቸር የለም። አፌን ለመዝጋት ምያለሁ፤ ለኔ ከረመዳን ጾም ይከብዳል።

አል ሙሐመዲያ፣ ዛሬውኑ ከዐስር በኋላ

የምጽፍሽ ከኋላ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ነው። ሰሌዳው ጋ ማንም የለም። ቁራጮቹን መሃል በተንኳቸው፣ አንሡና በሉ ብዬ ተቀመጥኩ። ጸጥታ። እንዴት ያለ ጸጥታ። ተጣልተናል ወይ አለ አንዱ። ላበኝ።

ከዚያ ከድር አንድ ቁራጭ አነሣ። አየው፣ ገለበጠው። ወደኔ ዞረ።

«አልገባኝም» አለ።

በዚህ ቤት ይኸ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነው። ልስመው ነበር፣ ግን ይኮራል። ዘ ናት አልኩት፣ ዝም አልኩ። ከሱ በኋላ ሁሉም አልገባኝም፣ አልገባኝም። አንዱ ያንዱን ቁራጭ ይነጥቃል፣ ይከራከራል፣ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ላይ ይሞክራል። እንዲህ ያለ ጫጫታ በሌክቸሬ አልነበረም። ማንም ወደኔ አያይም። ትንሽ ያማል።

አሁን ለአ/እ ሦስት ቁራጭ ገፋሁለት፣ ምን እንደሆነ ሳልነግረው። ፋ። ጡ። ማ። ፈ የገበታው መጨረሻ ጥግ ናት፤ ከሀ ከተነሣ መግሪብ ይደርስበታል። ከድር ሹክ እንዳይለው በአንድ ዓይኔ እየጠበቅኩት ነው።

አ/እ የመጀመሪያውን አነሣ። ወደ መስኮቱ አዞረው። ከንፈሩን እያየሁ ነው። ገጥሟል። ሁለተኛውን አነሣ። እስካሁን አልተንቀሳቀሰም። ሦስተኛውን አነሣና ጮክ ብሎ «ፋጡማ!» አለ።