የምንጩን የድንጋይ ሽበት በበረኪና ላስፋቁልን ሰብሳቢ

ለተከበሩ ኦቦ ቀጄላ፣
በሱሉልታ የሰፈራችን ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

አካም ጅርቱ? እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከምንጩ በላይ ባለው ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ዱርሲቱ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በኮሚቴው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ጎረቤቶቻችንም ምስጋናዬን እንዲካፈሉ ብዬ ነው።

፩. ተመራማሪው አቶ ማርቆስ በምንጩ አለት ላይ የተነጠፈው፣ የድንጋይ ሽበት የምንለው አረንጓዴ ተክል ዝርያው ሊጠፋ የተቃረበ መሆኑን ከነገሩን በኋላ፣ ቦታውን አጥር ሊያሠሩልን ያሰቡ እንግዶች ሊያዩት በሚመጡበት ዕለት ማለዳ፣ እርስዎ አለቱን በሽቦ ብሩሽና በበረኪና አስፍቀው ስለጠበቁን እናመሰግናለን። እንግዳ ሊያየው የመጣውን ነገር አጥፍቶ እንግዳ መቀበል ከእርስዎ በቀር ማንም አላሰበውም ነበር።

፪. እንግዶቹ «የታለ?» ሲሉ «መምህርት ሕልም አይታ ነው» ብለው በተማሪዎቼ ፊት ስላሳቁብኝም አመሰግናለሁ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሥራ በዛብኝና አላለቀስኩም።

፫. ለምን እንዳስፋቁት ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅ «ከሸረሪት ድር በምን ይለያል? ሁለቱም የቆሻሻ ምልክት ናቸው» አሉኝ። ይህን ሲሉ ሸረሪቷ ከራስዎ በላይ ጥጉ ላይ ነበረች። ልዩነቱን በትሕትና ላስረዳ። ሸረሪት ድሯን ዛሬ ቢጠርጉባት ነገ ታደራለች፤ ከሰበታ እስከ ቡራዩ ጥግ ባለበት ሁሉ ትኖራለች፤ የእርስዎን ቢሮ እንኳ ችላዋለች። የድንጋይ ሽበት ግን ሥር የለውም፤ ውኃ የሚጠጣው በቅጠሉ ነው፤ በረኪናውንም በቅጠሉ ጠጣው። ያን ያህል ለመንጠፍ የሰው ዕድሜ የፈጀበት ነገር ከቁርስ በፊት አለቀ።

ብሩሹን ያስያዙት የቀን ሠራተኛ፣ አቶ እውነቱ፣ ማን እንዳዘዘውና ምን እንደተባለ ለእንግዶቹም ለነዋሪውም ተናግሯል። ስለዚህ እሑድ አዲስ ሰብሳቢ ይመረጣል፤ እኔም ተወዳዳሪ ነኝ። ይቅር እንድልዎ የላኳቸውን ሽማግሌዎች አክብሬ ተቀብዬ፣ አብልቼ፣ አጠጥቼ፣ እምቢ ብዬ ሸኝቻቸዋለሁ።

ላደረጉልን ሁሉ ብድርዎን ሳትመልስ እንቅልፍ የማይወስዳት፣
አክባሪዎ መምህርት ዱርሲቱ

ማስታወሻ፦ እሑድ መንገዱ እንዳይርቅብዎ ስብሰባው እርስዎ ደጅ እንዲሆን ነዋሪው ተስማምቷል። ለድምፅ እጅ ሲወጣ በደንብ እንዲታይዎም የፊቱን ወንበር ይዘንልዎታል።