የእሱን ስልክ ትተሽ የራስሽን እዪ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እንደ ዓይንሽ ብሌን የምትጠብቂያት እናታችንስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ትንሽ ለቀቅ አደረጋት ወይስ አሁንም ደረጃ ባየች ቁጥር ታማርራለች? ባለቤትሽ ከመኪናው መሪ ወርዶ ወገቡን የሚያሳርፍበት ቀን አገኘ? ድምቡሼ ልጅሽስ ያቺን የምትነቃነቅ ጥርሷን ጣለቻት ወይስ ገና በምላሷ እየገፋች ታስቅሻለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። እግሬ ይሄዳል፤ ዓይኔም መነጽር ካገኘ ያነባል።

ባለፈው በስልክ ስንጫወት የልብስ ስፌት መኪናሽንና ትልቁን ቁም ሳጥን በኢንተርኔት ልትሸጪ እንደሆነ ነግረሽኝ፣ አንቺስ እንዴት አድርገሽ ነው የሸጥሽው ስትዪኝ ኔትወርኩ አስቸገረ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። ስለ ዕቃው ማውራት ከጀመርኩ ሌላም ነገር ተከትሎ እንደሚመጣ ስለማውቅ ሸሸሁ። በደብዳቤ ግን መሸሽ አይቻልም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለት ክፍል ቤት ለብቻዬ ሰፋብኝ፤ ኪራዩም ከበደኝ። እዚሁ ሰፈር ካለው ልብስ ማጠቢያ ላውንደሪ በላይ አንዲት ክፍል ይዤ ልገባ ስል ዕቃው አልገባ አለ። ከታች የሚኖረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤቴ ፍሪጁንና ፀጉር አስተካካዩ ባለቤቴ ሰው ይላጭበት የነበረውን ወንበር ፎቶ አንሥቶ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ገጽ ላይ አወጣልኝ። «መጥቶ የሚወስድ ብቻ ብለናል፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ስልክ ማንሣት ነው» አለኝ።

በማግስቱ አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ ማር ነው። ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ተሸካሚ አስከትሎ መጣ፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። እናቴ እናቴ እያለ፣ ፍሪጁን ከፈት አድርጎ እንኳ ሳያይ፣ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ዘረጋልኝ። አረንጓዴ ምልክት አለው። ከሥሩ ስሜ ከነአባቴ፣ የሒሳብ ቁጥሬ፣ የተስማማንበት ገንዘብ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በተሳካ ሁኔታ ተልኳል ይላል። መነጽሬን አድርጌ፣ ጣቴን በየፊደሉ እያስኬድኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። «ጎበዝ ነዎት እናቴ፣ ስንቱ የተማረ እንዲህ አያነብም» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። እኔ በራሴ ጥረት ፊደል የቆጠርኩ ሰው፣ የተጻፈ ነገር ይዋሻል ብዬ እንዴት ልጠርጥር።

የገዛ ስልኬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ እጄን ሰደድ አድርጌ ነበር፤ ከዚያ ይሉኝታ ያዘኝ። እንዲህ አክብሮኝ የቆመ ሰው ፊት የራሴን ሒሳብ ልፈትሽ ብል፣ ሌባ ነህ ያልኩት አይመስለውም? እጄን መለስኩ። ፍሪጁ ወረደ። አመሻሹ ላይ ጎረቤቴ ገንዘቡ ገባ ወይ ሲለኝ፣ አዎ፣ አንብቤዋለሁ አልኩት። «ያነበቡት እኮ የእሱን ስልክ ነው። የእርስዎን ማን አየው?» አለኝ። አብረን አየነው። ምንም የለም። በነጋታው ባንክ ብሄድ ሠራተኛዋ እንዲህ ያለ ሥዕል ስልክ ላይ ለመሥራት አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ ያህል እንደማይፈጅ ነገረችኝ። ባለ ሽቶው የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ እህቴ፣ ገዢ ስልኩን ሲዘረጋልሽ አትከራከሪው፤ ብቻ የእሱን ትተሽ የራስሽን እዪ። ራስሽ ሒሳብሽን ከፍተሽ፣ ገንዘቡ እዚያ ውስጥ መጨመሩን በዓይንሽ ሳታዪ ስፌት መኪናሽን እንዳታስነኪ። የመልእክት ድምፅ ጢን ስላለም አትመኚ፤ የባንክ ስም ለጥፎ መልእክት የሚልክ ሞልቷል ብላኛለች ያቺ የባንክ ሠራተኛ። ደግሞ አንዱ ለወንበሩ ደውሎ፣ ተሳስቼ አብልጬ ስለላክሁ ትርፉን መልሱልኝ ብሎ አለቃቀሰብኝ። ሒሳቤን ባየው እንኳን ትርፉ ዋናውም የለም። የሚስጥር ቁጥርሽን ለሚጠይቅሽ ሰው ስልኩን ዝጊበት፤ ለእኔም ቢሆን አትንገሪኝ። ጥሬ ገንዘብ የሚያመጣ ከሆነ ባንክ ውስጥ ተገናኙና እዚያው አስገቢው። ሰዎቹ በቀን ይምጡ፣ ባለቤትሽ ባለበት፤ መኪናዋን ደጃፍ አውጪያት እንጂ ለአንድ ስፌት መኪና ብለሽ አገሩን ሁሉ መኝታ ቤትሽ አታስገቢ።

ይህ ሁሉ ቀላል ነው። ከባዱ አፍ አውጥቶ ቆይ ማለቱ ነው። ለዚህም መላ ያበጀልኝ ጎረቤቴ ነው፤ ለመናገር የሚያፍሩ ከሆነ ቀድመው ይጻፉት አለኝ። ከወንበሩ ፎቶ ሥር እኔው ራሴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ገንዘቡ ሒሳቤ ውስጥ መግባቱን ሳላይ ወንበሩ ከደጄ አይወጣም፤ ይህ ለማንም ለማን ስለሆነ ቅር አይበላችሁ። ይህችን ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ወንበሩን ልትወስድ የመጣችው አዲስ ሱቅ የምትከፍት ፀጉር ሠሪ ናት። ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ገንዘቡን ላከች፤ የእኔ ሒሳብ ግን ድርቅ አለ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ምንም የለም። ከታች የጭነት መኪናው ሾፌር ጥሩምባውን እየነፋ፣ «እማማ፣ የምትሸጡት ወንበሩን ነው ወይስ ሕንጻውን?» ይለኛል። እኔ እንደ ተከሳሽ ላብ አጠመቀኝ። ልቀቂያት፣ ፊቷ የሌባ አይደለም የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ የባለ ሽቶውም ፊት እኮ የሌባ አልነበረም። እሷ ታዲያ ወንበሩ ላይ ዘና ብላ ተቀምጣ፣ «ሾፌሩን ተዉት እትዬ፣ እሱ ሲወለድም ተቻኩሎ ነው» አለችኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አንቺን ጠርጥሬ አይደለም አልኳት። ሳቀች። ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ «ምን ያስቀይመኛል? ቀድመው ጽፈውታል፣ አንብቤ ነው የመጣሁት። ፊት ለፊት ልይ ያለኝ ሰው አያስከፋኝም። የሚከፋኝ ዞር ስል ቦርሳዬን ቢበረብሩ ነው።» ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ገንዘቡ ገባ፤ ወንበሩ ወረደ፤ ስማኝ ሄደች። እኔ ግን ወንበሩ በቆመበት ባዶ ቦታ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን የተናገረችው ስለ እኔ ሳታውቅ ነው።

አሁን ወደ ሸሸሁት ነገር ልምጣ።

ልትማሪ እኔ ዘንድ ከመጣሽ አምስተኛ ወርሽ ነበር። ባለቤቴ አዲስ የገዛው የፀጉር መቁረጫ ማሽን ጠፋ። አይተሽዋል ወይ ብዬ ብጠይቅሽ አላየሁም ትዪኝ ነበር፤ አብረንም እንፈልግ ነበር። አልጠየቅሁሽም። ውኃ ልትቀጂ እስክትወርጂ ጠብቄ ሻንጣሽን ዘረገፍኩት። ጀሪካኑን ተሸክመሽ ስትገቢ እጄ ከልብስሽ መሐል ነበር። ጀሪካኑን አስቀመጥሽ፤ ልብስሽን አንድ በአንድ አጠፍሽ፤ በማግስቱ ሄድሽ። እኔም ለታላቃችን ለወንድም ጋሼ ደብዳቤ አስጻፍኩለት። አንቺ ወሰድሽው አላልኩም። ማሽኑ ጠፋ፣ እሷም ሄደች አልኩ። ሁለቱን የገጣጠመው እሱ ነው፤ እንደሚገጣጥመው ግን ዐውቅ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ የማሽን ጠጋኝ ዕቃውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልን መጣ። ባለቤቴ ጥሎ ሰብሮት፣ ለእኔ መናገር አፍሮ፣ በስውር ለጥገና ሰጥቶት ኖሯል። ሻንጣሽን መፈተሼን ነግሬው ዝም ብሎኝ ነበር። እኔም የእሱን ስም ላለማንሣት ዝም አልኩ። ካረፈ በኋላ ደግሞ ሙት አይወቀስም አልኩ። ሰበቡ ተለዋወጠ እንጂ ዝምታው ያው ነው። የእሱ ጥፋት ማሽን መስበር ነው፤ የቀረው የእኔ ነው።

ስትሄጂ ከአልጋው ሥር አንድ ደብተርሽ ቀርቶ ነበር። የማውቃቸውን ጥቂት ፊደላት ይዤ፣ ቀሪውን ከእጅ ጽሑፍሽ እያመሳሰልኩ ማንበብ የቻልኩት በእሱ ነው። አንቺ ትምህርትሽን ያቋረጥሽበት ደብተር እኔን አስተማረኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። ሐሰት ነው፤ የወጋውም አይረሳም።

እናታችን ባለፈው ዓመት፣ አንቺ ወንድም ጋሼ ቤት ስትገቢ እሱ እስከ ዛሬ ሳጥኑን እንደሚቆልፍ እንደ ቀልድ አጫወተችኝ። አንቺም እያየሽ እንደምትቀመጪ ነገረችኝ። ያ ቁልፍ የእኔ ነው፣ እህቴ። ሃያ ሁለት ዓመት የዞረው በእኔ እጅ ነው።

ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። መልስሽን ግን አላጣድፍም፤ ዝም ብትዪኝም ዝምታ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ለወንድም ጋሼ ስለ ማሽኑና ስለ ሻንጣሽ እዚህ ላንቺ የነገርኩሽን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ ለብቻው ጽፌለታለሁ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ታሽጎ ተቀምጧል። ያንቺን ዛሬ እልካለሁ፤ የእሱን ግን ከሳምንት በኋላ ነው የምልከው፣ ከእሱ አፍ ሳይሆን ቀድመሽ ከእኔ እንድትሰሚው። ከኋላሽ አንድ ነገር ማድረግ በቅቶኛል።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህንንም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለሽ፣ ጮክ አድርገሽ አንብቢላት። ለባለቤትሽ መንገዱን በሰላም ይጨርስ በዪልኝ፤ ለገዢዎችሽ እሱ ደጅ ላይ ይቁምልሽ። ድምቡሼን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ጥርሷ ሲወልቅ ፎቶ ላኪልኝ። ስፌት መኪናዋን የሚያወርድልሽን ተሸካሚ ሳይቀር የድምቡሼ አክስት ሰላም ብላሃለች በዪው። ለወንድም ጋሼ ብቻ ከእኔ ምንም አታድርሺ። የእሱን ራሴ ጽፌዋለሁ።

የእናትሽ ልጅ፣ ታላቅሽ
ከላውንደሪው በላይ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9 ቀን