ሁለቴ የሚበሉት ዓሦች

አንቺ ልጅ፣

ሥራ ረፍዶብኝ ቆሜ ነው የምጽፈው። የዓሦቹን ገንዳ ውሃ ግማሹን ቀይሬዋለሁ። ውስጡ ያሉትን ቅጠሎች የሸፈነውን አረንጓዴ አልጌ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጌ አነሳሁት፤ ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል።

የገንዳውን መብራት ሳታጠፊ እየሄድሽ አልጌው የሚበዛ መስሎኝ ወር ሙሉ ስምሽን ሳነሳ ስጥል ከረምኩ።

ዛሬ ስኳር ስፈልግ ከጣሳሽ ጀርባ ሌላ የዓሣ ምግብ አገኘሁ። ለካ ሁለታችንም እናበላቸዋለን። አልጌውን የሚያፋፋው የሚተርፋቸው ምግብ ነው። ተዘጋግተን ማን ማንን ይጠይቅ።

አብረን የፈረምነው የቤት ኪራይ ውል ሊያልቅ ገና አምስት ወር ይቀረዋል፤ እስከዚያ እኛም እንደ ዓሦቹ መውጫ የለንም።

እኔ ጠዋት ጠዋት ነው የማበላቸው። አንቺስ መቼ ነው?

መልሱን ከዚህ ሥር ጻፊልኝ።

አፍ አውጥተሽ ብትነግሪኝም አልጠላም።