ቋጠሮ ሲፈታ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃውን እየረገምሽ ነው የምትወጪው? እኔ ደህና ነኝ ብል ያንሰኛል፤ ጮቤ እየረገጥኩ ነው የምጽፍልሽ።

መቼም ከተማው ፋይናንስ ቢሮ ውስጥ የወጣልኝን ስም ታውቂዋለሽ፦ ቋጠሮ። ገበያው ደርቶ ግብሩ እንደ ጎርፍ በገባ ጊዜ ሁሉም አደባባዩ ላይ ፏፏቴ ይሠራ ሲል፣ እኔ የበጀት ኃላፊዋ የቆየ ዕዳችንን እንክፈል፣ የተረፈውን እናስቀምጥ ብዬ ድርቅ አልኩ። የግብር ክፍሉ ኃላፊ፣ ያ አንቺ "ኮስታራው" የምትይው፣ ግብር ይቀነስ፣ ሰው ይደሰት ባይ ነበር። ስሙንም ያወጣልኝ እሱ ነው። እሳትና ጭድ ነበርን።

ዘንድሮ ነገሩ ተገለባበጠ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ግማሽ ሠራተኛውን በተነ። ከቢሮዬ ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ እንኳ የሚያሰፋ ሰው አጥቶ ከተማውን ሊለቅ ዕቃውን መጠቅለል ጀመረ። ኮስታራው፣ ካዝናው ሳይራቆት ግብር እንጨምር፣ ወጪ እንቁረጥ አለ። እኔ ደግሞ፣ የትንንሽ ነጋዴዎችን ግብር ለጊዜው እናቅልል፣ ያስቀመጥነውን አውጥተን፣ ካነሰም ተበድረን የጎርፍ መውረጃውን ቦይ አሁን እናሠራ አልኩ። ሥራ የፈታው ደመወዝ ሲያገኝ ልብስ ያሰፋል፤ ልብስ ሰፊውም ዳቦ ይገዛል። የታመመ ሰው ጾም ይዋል ይባላል እንዴ?

አንድ ቀን ኮስታራው ቢሮዬ ድረስ መጣ። ሊጣላኝ መስሎኝ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ጠበቅሁት። እሱ እቴ! ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ መፍታቱንስ ፍቺው፣ መልሰሽ የምትቋጥሪው መቼ ነው? አለኝ። እሱን አላሰብኩበትም ነበራ! ሳምንቱን ሙሉ አብረን ስንጽፍ ከረምን፦ ፋብሪካው መልሶ መቅጠር ሲጀምር ግብሩ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ብድሩ ይከፈላል፣ ቁጠባውም ይቀጥላል። ለካ ሲስቅ ጉንጩ ይሰረጎዳል።

ትናንት ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። አንዱ አባል፣ ቋጠሮን ዛሬ ምን ነካት? ሲል አዳራሹ ፍርስ ብሎ ሳቀ፤ እኔማ አለቀልን ብዬ ነበር። ያኔ ኮስታራው ተነሥቶ፣ በጥጋቡ ቀን እጄን ይዛ የከለከለችኝ እሷ ናት፤ ዛሬ የሚፈታ ነገር ያገኘነውም በእሷ ነው፤ እሷ ራሷ ይፈታ ካለች በእርግጥም ክፉ ቀን መጥቷል አለ። እጅ ወጣ፣ ጸደቀ! ዛሬ ጠዋት ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ሲወለውል አገኘሁት፤ ለቦዩ ሠራተኞች ቱታ ለመስፋት ሊወዳደር ነው። ደስታዬን የት ላድርሰው?

እማዬ፣ ሁልጊዜ፣ ገንዘቡንስ ቋጠርሽ፣ ልብሽን ቋጥረሽ ለማን ልታወርሺው ነው? ትይኝ የለ። ለማንኛውም በሚመጣው ወር ነይ። መናኸሪያ የሚቀበልሽ ኮስታራው ነው፤ ፊቱን አይተሽ አትደንግጪ፣ ሲያፍር ነው እንደዚያ የሚሆነው። ያንቺን ክፍል መጋረጃ የሰቀለው እሱ ነው፤ ተንጋዷል፣ እንዳትነግሪው። ስለ ጉልበትሽ ስለነገርኩት ደረጃ የሌለው ቤት እስክናገኝ ድረስ ስንዞር ከረምን።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ። ምርቃት ላይ እንደኔ እንዳትቋጥሪ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ይዘሽ ነይ።

ናፋቂ ልጅሽ፣
ቋጠሮ